በጠፍር ያሰርኋት ሞተር

ጣና ላይ ሃምሳ ዓመት ቀዝፌያለሁ። ማዕበል አይቻለሁ። ጉማሬ በታንኳዬ ሥር ሲያልፍ ጀርባውን ሲያክክብኝ ትንፋሼን ይዤ አሳልፌዋለሁ። ዋና ግን አልችልም። ይኼን ስናገር ሰው ይስቃል። ምን ያስቃል? ዋና የሚያስፈልገው ታንኳ ለሌለው ሰው ነው።

ባለፈው ፍልሰታ ግን ፈራሁ። የዚያን ለቱ ጢሜ ሳይቀር የፈራበት ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ ያስፈራኝን ነገር እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ ያውም አጥብቄ ያሰርሁት መሆኑ ነው።

ጣጣውን ያመጣው አማቼ ነው። ሳሙኤል ይባላል፤ የልጄ ባል። አገሩ ሩቅ ነው፤ እዚህ ባሕር ዳር ኮሌጅ ያስተምራል። ደግ ልጅ ነው። እኔን የጎዳኝም ደግነቱ ነው። አንድ ቀን ትከሻዬን ይዤ ሳቃስት አየኝና፣

«አባባ፣ እያመመዎት ለምን ይቀዝፋሉ? እኔ አንድ ነገር አመጣልዎታለሁ» አለኝ።

ቅባት መስሎኝ መረቅሁት። ሞተር ይዞ መጣ።

እናንተ የምታውቋት፣ ቱሪስት የምታመላልሰዋ፣ እየጮኸች የምትሸተዋ ሞተር አይደለችም። ይቺ ቤንዚን አትጠጣም፤ በባትሪ ነው የምትሠራ። ቀጭን ረዥም ዘንግ አላት፤ ከላይ የምትጠመዘዝ እጀታ፣ ከታች እንደ ማራገቢያ የምትሽከረከር ነገር፣ ከመሐል ደግሞ የጀልባ ጠርዝ ነክሶ የሚይዝ ባለ ብሎን መቆንጠጫ። የኔ ታንኳ ባለ ሸራ ናት። ሸራዋን ከዱቄት ጆንያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ነፋስ ሲኖር ሸራው ይሠራል፣ ነፋስ ሲተኛ እኔ እሠራለሁ። ሳሙኤል ያሰበው ነፋስ ሲተኛ እኔም እንድተኛ ነው።

«ግን አሁን እንዳይነኳት» አለ። «ታንኳዎት ከደንገል ሸምበቆ የታሰረ ነው፤ መቆንጠጫው የሚነክሰው ጠንካራ ነገር የለውም፤ ይቦጫጭቀዋል። ቅዳሜ ጣውላና ብሎን ይዤ መጥቼ እኔ እገጥማታለሁ። እሺ አባባ?»

«እሺ» አልሁት።

እኔ እሺ ስል ሰማሁ ማለቴ ነው እንጂ አደርጋለሁ ማለቴ አይደለም። ባለቤቴ ጥሩነሽ ይኼን ካወቀች ቆይታለች። ሳሙኤል ገና ነው።

አሁን ስለ ጥሩነሽ ልንገራችሁ፤ ያለሷ ነገሩ አይገባችሁም። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። አርባ ሁለቱንም ዓመት «አብረን እንቁረብ» ስትለኝ «ለከርሞ» ስላት ኖሬአለሁ። እኔ ግትር ነኝ፤ ሰው የለመነኝን ነገር ማድረግ የተሸነፍሁ ይመስለኛል። አምና ግን አንድ ማታ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት። አቅፌ ሳነሳት እንደ ልጅ ቀለለችኝ። ያን ለት ምንም አላልሁም። በነጋታው ለንስሐ አባታችን ለቄስ ሞገስ ሄጄ ተናዘዝሁ። ረዥም ቀን ነበር። የሰጡኝን ቀኖና ፈጸምሁ፤ በፍልሰታ፣ በሐሙስ ቀን፣ ከሐይቁ መሐል ካለችው ደሴት፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አብረን ልንቆርብ ተቆረጠ። ጥሩነሽ ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አጠበች።

ሦስተኛውን ያጠበች ለት ነው እኔ ሞተሯን የሞከርሁ። ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ሩቅ ሆነብኝ። ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኘሁ፤ ይኼ ፊደል አይጠይቅም። ውኃ ያለበት ዕቃ ፈለግሁና ሳፋ አገኘሁ። እጀታዋን ትንሽ ጠመዘዝሁ። ሳፋው ውስጥ ነጠላው ተዘፍዝፎ እንደነበር ያየሁት ሞተሯ ግማሹን ከጠቀለለችው በኋላ ነው።

ጥሩነሽ መጥታ ቆመች። የነጠላዋን ጥለት ከማራገቢያው ላይ እየፈታች፣

«ይኼን ነው ሐሙስ የምትሳፈርበት?» አለች።

«እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አንቺም ነሽ።»

«ነጠላዬን የበላ ነገር እኔን አይበላኝም ያለህ ማነው? እኔ ረቡዕ ከሰው ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ጀልባ እሄዳለሁ።»

ከዚህ በኋላ አርፌ መቀመጥ እችል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ።

በሬዎቼን ከሸጥሁ ወዲህ ቀንበሬ ከግድግዳ ላይ ሥራ ፈትቶ ተሰቅሏል። እሱን አወረድሁና ከታንኳዋ ኋላ አጋደምሁት። ብረቱ ቀንበሩን ነክሶ ይያዝ፤ ቀንበሩን ደግሞ ከደንገሉ ጋር ማሰር ነው። በምን? ገመድ ይበጠሳል፤ ብሎን የሚያምን ሳሙኤል ነው። እኔ የማምነው ጠፍር ነው። ከበሬ ቆዳ የተተለተለ፣ ርሶ የሚታሰር፣ ሲደርቅ እንደ ብረት የሚጨብጥ። ሞፈሬን ያሰርሁት በሱ ነው። አልጋዬም የተጠፈረው በሱ ነው። ጠፍሩን ዘፍዝፌ አለሰለስሁና እግሬን ከታንኳዋ ጎን አስደግፌ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ወደ ኋላ እየተንጋለልሁ ጠመርሁት።

በክረምት ምን ፀሐይ አለ ትሉኝ ይሆናል። የለም። ስለዚህ ከሰል አነደድሁና በጎን በጎኑ አሞቅሁት። ደረቅ ደንገል አጠገብ እሳት ማንደድ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ጎረቤቶቼ ባልዲ ባልዲያቸውን ይዘው በአጥሩ ላይ ተሰልፈው ሲያዩኝ ነው። ቆመው ብቻ ጠበቁ።

ረቡዕ ጠዋት ጠፍሩ ደረቀ። ሞተሯን ይዤ ብነቀንቃት ታንኳዋ ተነቃነቀች፣ ታንኳዋ የተደገፈችው አጥር ተነቃነቀ፣ ሞተሯ ግን ወይ ፍንክች! ጥሩነሽን ጠራኋትና አሳየኋት። የተሰፋ ነጠላዋን አጣጥፋ ይዛ ልትሄድ ነው።

«ጥሩ ነው» አለች። «የዛሬ ሦስት ዓመት ጣራው አፍስሶ አልጋችን የራሰ ለት የት አደርን?»

«መሬት።»

«ለምን?»

«ጠፍሩ ላልቶ።»

«እንግዲህ ሐሙስ እንገናኝ» ብላ ሄደች።

እኔም አልጋና ሞተርን ምን አገናኛቸው አልሁ። የዚህች ሴትዮ ነገር፣ እኔ ትልቅ ሥራ ስሠራ አልጋ ታነሳለች።

ሐሙስ ማለዳ፣ ከማታ ጀምሮ እህልም ውኃም ሳልቀምስ፣ ነጭ ለብሼ፣ ታንኳዬን አወረድሁ። የፍልሰታ ቅዳሴ እኩለ ቀን ላይ ነው የሚገባ፤ ጊዜ አለኝ። ሸራውን ስዘረጋ ከበስተኋላዬ የሚያለከልክ ሰው ሰማሁ። ቄስ ሞገስ ናቸው። ጋቢያቸውን በእጃቸው ሰብስበው ይሮጣሉ። ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«አለህ? ተመስገን!» አሉ። «ሐሙሲት ከተማ የታመመ ሰው ላጠምቅ ሄጄ አውቶቡሱ አዘገየኝ። ጀልባው ትናንት ሄዷል። ደሴቲቱ ላይ አንድ ቄስና ሦስት ዲያቆናት ብቻ ናቸው ያሉት።»

ለማያውቅ ልንገር፤ አምስት ልዑካን ካልተሟሉ አይቀደስም። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አራት ይዞ አይጀመርም። እሳቸው ካልደረሱ ቅዳሴው ታጎለ። ሱባዔ የገባው ሁሉ፣ ከማታ ጀምሮ ያልበሉት ሕፃናት ሁሉ፣ ጥሩነሽም ከነነጠላዋ፣ እንዲሁ ቀሩ።

«ይግቡ አባ፣ አደርስዎታለሁ» አልሁ።

እግራቸውን አነሱና ሞተሯን አዩ።

«ምንድን ነው?»

«ሞተር።»

«ማነው የገጠመው?»

«እኔ ነኝ።»

እግራቸውን መልሰው አወረዱ። እኚህ ሰው ኃጢአቴን በሙሉ የሰሙ ናቸው፤ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ሰምተው ፊታቸው አልተለወጠም። አሁን ተለወጠ። ሦስት ጊዜ አማተቡና ገቡ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ፣ ከመሐል ተደላድለው። «ቀዳሽ ነኝ። አፌ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ ገብታ ብትዋጥ፣ ዝንብ እንኳ ብትገባ፣ አለቀ፤ መቀደስ አልችልም። ብትገለብጠኝ ብሞትም ብድንም ቅዳሴው የለም። ገባህ?»

ገባኝ። ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የጀመረኝ። መስጠም እኔ አውቀዋለሁ፤ ማለቴ ስፈራው ስለኖርሁ ለምጄዋለሁ። የሰው አፍ ጠባቂ ሆኜ ግን አላውቅም። በአራቱም ማዕዘን ውኃ ነው፤ ከመሐል አንድ አፍ አለ፤ ያ አፍ እንዳይረጥብ።

እስከ መንገዱ እኩሌታ ነፋሱ ጥሩ ነበር። ከዚያ ሸራው እንደ ደከመው ሰው ትከሻውን ጣለ። ዝም አለ ውኃው። ከጎርጎራ በኩል ደመናው ጠቁሮ ወደ እኛ ይመጣል፤ ዝም ካለ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ቄስ ሞገስ ደመናውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሞተሯን ላለማየት ሌላ ነገር አዩ።

«ላስነሳት?» አልሁ።

«ሌላ ምን አለህ?»

እጀታዋን ወደ አንድ ቁጥር ጠመዘዝሁ። ሄደች! ድምፅ የላት፣ ሽታ የላት፤ ታንኳዋ እንደ ዳክዬ ውኃውን ሰንጥቃ ቀጥ ብላ ሄደች። ደስታዬን አልችለው አልሁ። ቁጥር ሁለት አደረግሁ።

«ቀስ» አሉ ቄስ ሞገስ።

ሦስት አደረግሁ። ደሴቲቱ ቀረበች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየኝ፤ ከዳር የቆመው ነጭ ለባሽ ሁሉ ታየኝ። ሳሙኤል ይየኝ፣ ጥሩነሽ ትየኝ እያልሁ እጄን ጠፍሩ ላይ ላሳርፍ ብዬ ነካሁት።

ለሰለሰኝ።

እንደገና ነካሁት። እንደ ተቀቀለ ጨጓራ ሆኗል። ደሜ ከራሴ ወርዶ የት እንደገባ አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ውኃ ላይ የኖርሁ፣ ስልሳ ዓመት በጠፍር ሳስር የኖርሁ ሰው፣ ጠፍር ውኃ ሲነካው እንደሚላላ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ሁለቱንም አውቃለሁ። አንድ ላይ አስቤያቸው አለማወቄ ነው! አልጋችን ትዝ አለኝ። መሬት ላይ ያደርንበት ሌሊት ትዝ አለኝ።

«ምነው?» አሉ ቄስ ሞገስ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሳለ ፍርሃቴ የሸተታቸው ይመስላል።

«ምንም አባ። አፍዎን ይዝጉ።»

«ምን አልህ?»

«አፍዎን ይዝጉ፣ ስለ ማርያም!»

ቀንበሩ ተንሸራተተ። ሞተሯ አንገቷን ወደ ጎን ዘወር አደረገች፤ ታንኳዋም አብራ ዞረች። አንድ ጊዜ ደሴቲቱ ከፊታችን ናት፤ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ከፊታችን ናት፤ እንደገና ደሴቲቱ። ከዳር የቆመው ሕዝብ እየጨፈርን መስሎት ይሆን እልል አለ። ላጠፋት እጀታዋን ያዝሁ። በግራ ነበር በቀኝ? ጠመዘዝሁ። አምስት ላይ ገባች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። ማራገቢያዋ ግማሿ ከውኃው ወጣችና ጣናን እየዛቀች ትረጨን ጀመር። ቄስ ሞገስ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙ፤ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ያዙ፤ በሌላው መስቀላቸውን ወደ ሞተሯ አቀኑ።

«እምምም!» አሉ።

«እያጠፋኋት ነው አባ!»

«እም! እምም! እም!»

ይኼ ስድብ እንደነበረ አልጠራጠርም። ጋቢው ባይኖር ኖሮ እሳቸውም ንስሐ ይገቡ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ ከውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል ጥግ ሁለት ጆሮ አየሁ። ጉማሬ። ዓይኑን በኛ ላይ ተክሎ ከቆየ በኋላ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። የሚታይ ጉማሬ አያስፈራም። የሚያስፈራው አሁን የት ነው የምትሉት ነው። እኛ እንዞራለን፤ እሱ ከታች አለ፤ ደመናው ከላይ ደርሷል፤ የቄሱ ጋቢ ደግሞ እየራሰ ነው። ጋቢው ውኃ ሲጠግብ ወደ ከንፈራቸው ያሳልፋል። እኔ የማየው ጋቢውን ብቻ ሆነ። «ጭንቅላትዎን ወደ ላይ! ወደ ኋላ አባ! አፍዎን!» እያልሁ እጮኻለሁ፤ ሞተሯ ፊቴን ትዝቅብኛለች፤ ውኃው ጉሮሮዬን ሲዘጋው ዋጥ አድርጌ እንደገና እጮኻለሁ።

በመጨረሻ በደረቴ ተኛሁና ከባትሪው ላይ ቀዩን ሽቦ በጥርሴም በእጄም ብዬ ነቀልሁት። ብልጭ አለ። ዝም አለች። ቀንበሩ ውኃ ውስጥ ሊገባ ሲል በእግሬ ጠልፌ ያዝሁት። ያኔ ደመናው የያዘው ነፋስ ደረሰና ሸራዬ፣ ያቺ የዱቄት ጆንያ፣ ሆዷን ነፍታ ብድግ አለች። ሞተሯን በእግሬ አቅፌ፣ የሸራውን ገመድ በእጄ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደሴቲቱ ላይ ወጣን። ወጣን ስል ሣሩ ላይ ድረስ ነው።

ሕዝቡ ከበበን። ቄስ ሞገስ አይናገሩም። ሁለቱም እግራቸው መሬት እስኪረግጥ ጠበቁ። ጋቢውን ፈቱ፤ ከንፈራቸውን በደረቅ ነጠላ አስጠረጉ፤ ከዚያ፣

«ጠብታ አልገባም!» አሉ።

ሴቱ እልል አለ። ደወሉ ተደወለ። ቄስ ሞገስ ኅብስቱ ወደሚዘጋጅበት ቤተ ልሔም ሲጣደፉ ዞር አሉና፣

«አንተም ልብስህን ለውጥና ቶሎ ግባ። ጥሩነሽ ትጠብቅሃለች» አሉኝ።

ጥሩነሽ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። የተሰፋውን ነጠላ ለብሳለች፤ ስፌቱ በትከሻዋ በኩል ይታያል። ሳቅ ብላለች። ወደሷ ስራመድ አፌ ውስጥ የጣና ጣዕም መጣብኝ።

ቆምሁ።

ስውጥ ማንም አላየኝም። ቄሱ ጭንቅላታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ነበር። ከዳር ያለው ሕዝብ ሩቅ ነበር። ውኃ ደግሞ ቁርስ አይደለም። በፈቃዴም አልዋጥሁት። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብሁ። ይቺን ሴት በሕይወቴ ስንት ጊዜ ዋሽቻታለሁ፤ አንድ ብጨምር ማን ይቆጥረዋል? ግን ስለ እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ጉማሬው በገባ ጊዜም አልፈራሁም።

«ምነው ቆምህ?» አለች።

«ጠጥቻለሁ።»

«ምን?»

«ጣናን።»

ቀስ ብላ፣ «ምን ያህል?» አለች።

«አልለካሁትም። ከጉንጭ በላይ ነው።»

«ምን ስትል አፍህን ከፈትህ?»

«አባን አፍዎን ይዝጉ ስል።»

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከጢሜ ውኃ ይንጠባጠባል። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። አርባ ሁለት ዓመት «ለከርሞ» ስላት እንባዋን አይቼው አላውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ግቢ፤ አንቺ ቁረቢ» አልኋት።

«አብረን ነው ያልሁት።»

«ኧረ ግቢ፣ ደወሉ አልቋል።»

«ብቻዬን የምቆርብ ብሆን ይኼን ሁሉ ዘመን ምን አስጠበቀኝ?» አለችና ከቅጥሩ ድንጋይ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች። ነጠላዋን በግማሽ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ስፌቱ በኔ በኩል ሆነ። እንደዚያ ሆነን፣ ከውጭ፣ ቅዳሴውን ሰማን። የቄስ ሞገስ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ ለካ በጋቢ ታፍኖ የቆየ ድምፅ እንዲህ ያምራል።

እሑድ አብረን ቆረብን። እስከዚያ ድረስ ሦስት ቀን ከደሴቲቱ አልወጣሁም፤ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ሌላ ሰው ነው የሄደልኝ፤ ጥሩነሽ ከጣና ዳር አታስደርሰኝም።

በነዚያ ሦስት ቀናት ዝናቡ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣ፣ ጠፍሩም ደረቀ። እንዴት ያለ አደራረቅ! ሞተሯን ማራገቢያዋን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ ቀንበሩን አጣምሞ፣ እንደ ብረት ጨበጣት። እየቀዘፍሁ ስመለስ ሳሙኤል ከዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ጣውላና ብሎን ይዟል። ታንኳዬን አየ።

«አባባ፣ ቅዳሜ እስክመጣ እንዳይነኳት አላልኩም ነበር?»

«እሺ ብዬህ ነበር» አልሁት።

በፒንሳ ታገለ፤ አቃተው። በቢላ ልቁረጠው አለ፤ እንዲህ ያለ ጠፍር አይቆረጥም ብዬ ከለከልሁ። ውኃ ውስጥ እንዝፈቀው አለ፤ ጥሩነሽ አንድ ጊዜ ብታየው ተወው። እስካሁን እዚያው ናት። ትከሻዬም እንደ ዱሮው ያመኛል።

እናንተም በዳር ስታልፉ፣ ማራገቢያ ወደ ሰማይ ያቆመች ታንኳ የሚቀዝፍ ሽማግሌ አይታችሁ ሰላም ብትሉኝና ባልመልስላችሁ፣ አትቀየሙኝ። ኮርቼ አይደለም። ለፍልሰታ ዘንድሮም እንቆርባለን፤ ከታንኳዬ እስክወርድ ድረስ አፌን አልከፍትም።